እግዚአብሔር ቅጂ አላሠራም



የዛሬው ትምህርት የተነሣው እዚሁ ሚዛን ከተማ ካሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጥያቄ ነው። በስልክ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል ሲያዩ ነበር። አንድ ሰው በባሕር ማዶ ከፋብሪካ ደጅ መኪና ይረከባል። መኪናው ዝቅ ያለ፣ ክፍት፣ ክብ መብራት ያለው፣ አያቶቻችን ወጣት በነበሩበት ዘመን ይሮጥ የነበረ የእሽቅድምድም መኪና ይመስላል። ነገር ግን ቀለሙ ገና ትኩስ ነው፤ የተሠራውም በዚሁ ዓመት ነው። ሰውየው ቁልፉን ሲቀበል እንባው ይወርዳል። አንዱ ወጣት «መምህር፣ ይህ መኪና ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» አለ። ሌላዋ ቀጠለችና «እኛስ በጥምቀት አዲስ ሰው ሆናችኋል ስንባል እንዲሁ ነው? አሮጌው ተጥሎ በምትኩ መልኩን የያዘ ሌላ ሰው ተሠራ ማለት ነው?» አለች።

የልጅቷ ጥያቄ የሃይማኖታችንን መሠረት ይነካል። ብዙ ምእመናን ስለ መዳናችን ሲያስቡ ሳይታወቃቸው የሚስቱት በዚሁ ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በቅጡ ካልመለስን ግን ወደ እርሷ አንደርስምና በትዕግሥት ከመኪናው እንጀምር። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቮልስዋገንን የማያውቅ የለም፤ ቮልስ እያልን በአገራችን መንገድ ስንት ዘመን ያየናት መኪና ናት። የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነበር። ልጁ ፌሪ ፖርሽ በ1948 የቮልስን ዕቃዎች መሠረት አድርጎ 356 የተባለችውን ፈጣን መኪና ሠራ፤ በ1954 ደግሞ ከዚችው መኪና ስፒድስተር የተባለው ክፍት ዓይነት ወጣ። የ356 ምርት በ1965 ቆመ። ዛሬ ዋናው ስፒድስተር እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ልዩ ልዩ ጋራዦች የድሮዋን ቮልስ ሻንሲ ወስደው፣ በላዩ ከፋይበር ግላስ የተሠራ የስፒድስተር አካል አስቀምጠው ለሚያዝዛቸው ያስረክባሉ። ኮብራ የተባለውም እንዲሁ ነው። ካሮል ሼልቢ የተባለ አሜሪካዊ የእሽቅድምድም ነጂ በ1962 ኤሲ ከተባለ የእንግሊዝ ፋብሪካ ቀላል መኪና ወስዶ የፎርድን ትልቅ ሞተር ገጠመበት። በዚያ ዘመን የተሠሩት ወደ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በመልካቸው የተሠሩት ቅጂዎች ግን ከዋናዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

እንግዲህ ይህ ሐሰት ነውን? የአሜሪካ ሕግ የሰጠውን መልስ ልብ በሉ። በ2015 የወጣ ሕግ ትናንሽ ፋብሪካዎች ቢያንስ ከ25 ዓመት በፊት የተሠራ መኪናን መልክ ይዘው በዓመት እስከ 325 መኪና እንዲሠሩ ፈቅዷል። ነገር ግን መኪናው ቅጂ መሆኑንና የየትኛውን ዘመን መኪና መልክ እንደያዘ የሚናገር የማይነቀል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ያዝዛል። ስሙን ሳይደብቅ «እኔ የዚያ መልክ ነኝ» የሚል ቅጂ ማንንም አላታለለም። ሐሰት የሚሆነው አንድ ሰው የጠፋ ወይም የተቃጠለ መኪና የሻንሲ ቁጥር ወስዶ በአዲስ ብረት ላይ ሲመታና ሊብሬ አውጥቶ ዋናው ነው ብሎ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጠያቂ መልሴ ይህ ነው፤ በምስሉ ላይ ያያችሁት መኪና በእውነተኛ ስሙ እስከተጠራ ድረስ ፎርጅድ አይደለም። የሰውየውም ደስታ ኃጢአት አይደለም። ያማረ ሥራን ማድነቅ፣ የጥንት ጠቢባን የደከሙበትን መልክ መውደድ ከሰጪው ከእግዚአብሔር የተሰጠን ነው።

ሆኖም በዚህ መኪና ውስጥ ትልቅ ጉድለት አለ፤ ሁለተኛው ጥያቄ የሚፈታውም በዚህ ጉድለት ነው። ቅጂ ሲሠራ ዋናው አይድንም። በ1955 ከገደል የወደቀ አንድ ስፒድስተር ቢኖር፣ ዛሬ መቶ ቅጂዎች ቢሠሩ፣ ያ የወደቀው በወደቀበት ዝጎ ይቀራል። ቅጂው የወደቀውን ይተካዋል እንጂ አያነሣውም።

አሁን ወደ ዘፍጥረት እንሂድ። ሰው በእግዚአብሔር መልክና ምሳሌ እንደተፈጠረ በምዕራፍ 1 ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስታስተምር ሰው አርአያ ሥላሴ አለው ትላለች። ነፍሳችን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕይወት አላት። በዚህም አብን በልብ፣ ወልድን በቃል፣ መንፈስ ቅዱስን በእስትንፋስ እንመስላለን። አንዲት ነፍስ በሦስቱ ግብሮቿ ሦስት ነፍስ እንደማትባል፣ ሦስቱ አካላትም አንድ አምላክ ናቸው። ይሁንና በዚህ ቦታ ጥንቃቄ ያሻል። ወልድ የአብ መልክ ነው ስንል እንደ እኛ አይደለም። እርሱ ከአብ የተወለደ፣ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ የሆነ ነው። እኛ ግን የተፈጠርን ነን፤ መልኩም በጸጋ የተሰጠን ነው። አርዮስ የሳተው ይህን ልዩነት ስላጠፋ ነበር፤ ወልድን ከተሠሩት ወገን ቆጠረው። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች የመለሱለትም ወልድ የተወለደ እንጂ የተሠራ እንዳልሆነ በመመስከር ነው። ልጅ የአባቱ ቅጂ አይደለም፤ ባሕርዩ የአባቱ ነው።

ሰው በበደለ ጊዜ ይህ መልክ ምን ሆነ? ጨርሶ አልጠፋም። ቢጠፋ ኖሮ ዛሬ ስለ እግዚአብሔር የሚጠይቅ ወጣት አይኖርም ነበር። ነገር ግን ጎደፈ፤ ሞትም ገዛው። እግዚአብሔር በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው እንበል። አሮጌውን ጥሎ አዲስ አዳም መሥራት ይችላል፤ ኃይል አያንሰውም። ወይም ያንኑ የወደቀውን ማንሣት።

የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 32 ይህን ምርጫ በግልጽ ያሳየናል። ብዙ ጊዜ ይህን ምዕራፍ የምናነበው ስለ ወርቁ ጥጃ ብለን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ አስደናቂ ነገር አለ። ሕዝቡ ጣዖት ባመለከ ጊዜ እግዚአብሔር ለሙሴ እነርሱን አጥፍቶ እርሱን ታላቅ ሕዝብ እንደሚያደርገው ነገረው። በሌላ አነጋገር፣ የተበላሸውን ሕዝብ በሌላ ሕዝብ ስለ መተካት ተነገረ ማለት ነው። ሙሴም የአብርሃምን፣ የይስሐቅንና የያዕቆብን ቃል ኪዳን ጠርቶ ለመነ፤ ያ ሕዝብ አልተተካም። ከተራራው ወርዶ ግን ሙሴ ሁለቱን ጽላት ሰበረ። በምዕራፍ 34 እግዚአብሔር እንደ ፊተኞቹ ያሉ ሁለት ጽላት እንዲቀርጽ አዘዘው። አስተውሉ፤ ድንጋዩ ተተካ፣ ሰው ግን አልተተካም።

ሁለተኞቹ ጽላት ከፊተኞቹ ያንሳሉ ወይ? አያንሱም፤ ምክንያቱም ድንጋዩን ሙሴ ቢቀርጽም በላዩ የጻፈው የፊተኞቹ ባለቤት እግዚአብሔር ራሱ ነው። በመኪናው ዓለም ለዚህ በሩቁ የሚቀርብ ነገር አለ። የእንግሊዙ ጃጓር በ1963 ኢ-ታይፕ የተባለውን መኪና ለውድድር በቀላል ክብደት ሊሠራ 18 የሻንሲ ቁጥሮች መደበ፤ የተሠሩት ግን 12 ብቻ ነበሩ። በ2014 ያው ፋብሪካ የቀሩትን ስድስት ቁጥሮች አውጥቶ ስድስቱን መኪኖች እንደሚሠራ አስታወቀ። ቁጥሩን የሰጠው የመጀመሪያው ባለቤት ስለሆነ ማንም ሰርቋል አይለውም። ቤተ ክርስቲያናችንም በየአጥቢያው ያለው ታቦት ከዚህ ከምዕራፍ 34 ትእዛዝ የመጣ መሆኑን ታስተምራለች፤ ጳጳስ በቅብዓ ሜሮን ይባርከዋል፣ ያለ እርሱም ቅዳሴ አይቀደስም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በዚህ በደቡብ ምዕራብ የምንኖር ምእመናን አንዳንድ ጊዜ ዋናው ክርስትና በአክሱምና በላሊበላ ያለው ነው፣ የእኛ ግን ዘግይቶ የመጣ ቅጂ ነው የሚል ስሜት ያድርብናል። በሸካ ጫካ ዳር ያለች በቆርቆሮ የተከደነች ቤተ ክርስቲያን ዕድሜዋ አጭር ነው፤ እውነት ነው። በመንበሯ የሚከብረው ሥጋና ደም ግን አንዱ የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው። በቴፒ የሚቆርብ ሕፃን በአክሱም ከሚቆርበው ያነሰ አይቀበልም። ይህን ያለ ጥርጥር ያዙ።

ወደ ሰው እንመለስ። እግዚአብሔር ሰውን ካልተካው እንዴት አነሣው? የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይህን ያብራራል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ የአንድ ሰው ሥዕል በእድፍ ቢበላሽ ሠዓሊው ሰሌዳውን አይጥለውም፤ ባለ መልኩ ሰው ራሱ መጥቶ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ በዚያው ሰሌዳም መልኩ ይታደሳል ይላል። ይህ አባት ለእኛ ሩቅ አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ነው። የሥጋዌን ትምህርት የተቀበልነው ከዚህ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ባለ መልኩ ራሱ መጣ የሚለውን በደንብ ያዙ። ወልድ ሥጋን ከሰማይ ይዞ አልወረደም። አዲስና ከአዳም ዘር ያልሆነ ሥጋም አልተሠራለትም። ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም፣ ከሥጋዋ ሥጋን፣ ከነፍሷ ነፍስን ነሥቶ ተዋሐደ እንላለን። እርሷ ደግሞ የአዳም ልጅ ናት። ሥጋው እንግዳ ሥጋ ቢሆን ኖሮ የዳነው ያ እንግዳ ሥጋ በሆነ፣ እኛም በወደቅንበት በቀረን ነበር፤ ከገደል እንደወደቀው መኪና። በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት አባቶቻችን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይህን ያህል የተጠነቀቁት የእኛ መዳን በዚያ ላይ ስለ ተንጠለጠለ ነው።

ለዚህ በአካባቢያችን ሁላችሁም የምታውቁትን ምሳሌ ልስጥ። ያረጀ ቡና ሲኖር ገበሬው ሁለት ምርጫ አለው። ነቅሎ ከችግኝ ጣቢያ አዲስ ችግኝ መትከል ይችላል፤ ያ አዲስ ዛፍ ነው፣ የአሮጌው ታሪክ አልቋል። ወይም ጉንደላ ያደርጋል። ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቶ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አጋድሞ ይቆርጠዋል። ለጥቂት ሳምንት የሞተ ይመስላል። ከዚያ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ገበሬው ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ ሌላውን ያነሣል። የሚያፈራው ቅርንጫፍ አዲስ ነው፤ ሥሩ ግን ያው የድሮው፣ ድርቅን የተሻገረው፣ መሬቱን ጠልቆ የያዘው ሥር ነው። በበበቃም በቴፒም የቡና ሠራተኛ የሆናችሁ ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ክርስትና የጉንደላ ሕይወት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 ከእሴይ ግንድ ስለሚወጣው በትር የተናገረውም ለዚህ ነው፤ ግንዱ ተቆርጦ ነበር፣ ሥሩ ግን አልተነቀለም።

ስለዚህ እኅቴ ለጠየቀችው መልሱ ይህ ነው። ወንዱ ሕፃን በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው፣ 36 የአካል ክፍላቸው በሜሮን ሲታተም፣ የድሮው ሕፃን ተጥሎ ሌላ ሕፃን አልተሠራም። ያው ሕፃን፣ ያው ነፍስ፣ ያው ሥጋ ከመንፈስ ቅዱስ ዳግመኛ ተወለደ። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ወርደው ጥር 11 ቀን ውኃው ሲረጭብን በረከት እንቀበላለን እንጂ ዳግመኛ አንጠመቅም። ከጥምቀት በኋላ ለጎደፈው የተሰጠን ንስሐ ነው።

በንስሐ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንፈልገው ቅጂ ነው። የድሮ ሕይወታችንን ሳናስነካ፣ በላዩ ያማረ መልክ ቢጫንልን እንወዳለን። ነጠላ ለብሰን፣ በበዓል ቀን ቀድመን ተገኝተን፣ ከሥር ያለው ሻንሲ ግን ያው እንዲቀር እንፈልጋለን። አንድ አቅራቢ ነጋዴ ከገበሬ እሸት ቡና ሲቀበል በሚዛን አጭበርብሮ ቢሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ቢገዛ ንስሐው አልተፈጸመም። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ፤ ጉንደላ ይህ ነው። ገበሬው ጉንደላን የሚፈራው ሁለት ዓመት ያህል ምርት ስለሚያጣ ነው። ያ ኪሳራ እውነተኛ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አልሸነግላችሁም። የተሰረቀውን ያህል ገንዘብ ከኪስ ይወጣል፣ ይቅርታ ለመጠየቅ የተጣሉትን ሰው ደጅ መምታት ያስፈልጋል። መላእክት በሰማይ የሚደሰቱት ግን በዚህ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍጻሜ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። በመጨረሻው ቀን የምንነሣው በራሳችን ሥጋ ነው፤ የማይበሰብስ ሆኖ፣ ግን የራሳችን። ይህን ጌታችን በራሱ አሳየን። ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ጊዜ በዝግ ደጅ ገባ፣ ሞት ከእንግዲህ አይገዛውም፤ የችንካሩንና የጦሩን ምልክት ግን ይዞ ተነሣ። ለቶማስም ያሳየው ይህንኑ ምልክት ነው። አዲስ የተሠራ ቅጂ አንዲት ጭረት የለበትም፤ የሚያምረውም በዚህ ነው። የተነሣው ጌታ ግን ቁስሉን አልደበቀም፤ በመስቀል ላይ የዋለው ያው እርሱ መሆኑ በዚህ ታወቀ። በቡና ለቀማ እጃቸው የሻከረ እናቶቻችን፣ በበሽታ የተጎዱ ወንድሞቻችን፣ የሚነሡት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። በምትካቸው ሌላ ሰው በስማቸው አይጠራም።

ስለ መኪና የጠየቃችሁ ደግሞ በተግባር ልመልስላችሁ። ለቀማው አልቆ ገንዘብ በእጅ ሲገባ አንዳንዶቻችሁ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ቢሳካም የጭነት መኪና ትረከባላችሁ። ካህን ጠርታችሁ ጸሎት አስደርጉ፣ ጸበልም ይረጭበት። በአንዳንድ ቦታ እንደሚታየው ግን በግ አርዶ ደሙን ጎማ ላይ መቀባት፣ ወይም እንቁላል ከጎማ ሥር ማስፈንዳት የክርስቲያን ሥራ አይደለም። ስለ እኛ የፈሰሰ ደም አለ፤ ሌላ ደም አያስፈልገንም። በጉን ካረዳችሁ ጎረቤትና ድኃ ይብላው። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን አስፈትሹ፣ ከቦንጋ ሚዛን ባለው ጠመዝማዛ መንገድ በዝናብና በጉም ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሰው ላለመግጨት መጠንቀቅ አርአያ ሥላሴን ማክበር ነው።

ጉንደላ የሚሠራው ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በደረቁ ወራት ነው። ዐቢይ ጾምም የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። የንስሐ አባት የሌላችሁ በዚህ ዓመት ጾሙ ሳይገባ በአጥቢያችሁ ካሉት ካህናት አንዱን ያዙ፤ ያላችሁም ሄዳችሁ ተናዘዙ፤ የሰው ገንዘብ በእጃችሁ ካለ አስቀድማችሁ መልሱ።